«ኖር» የተባለለት ጭምብል

ከጉዞ ከተመለስኩ ወዲህ ደብረ ብርሃን ውስጥ ያገኘኝ ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፤ «ፊትህ ምን ሆነ?» መልሱ አምስት ቀን ይፈጃል። መንገድ ላይ ቆሜ ባወራው ሰሚውም እኔም በብርዱ ደርቀን ስለምንቀር ቁጭ ብዬ ጻፍኩት። ወልቂጤንም ቡታጅራንም የማየት አሳብ የሌላችሁ ሰዎች አንብቡት። አሳብ ያላችሁ ግን ሄዳችሁ እዩ፤ እኔ ትንሽ ማጋነን ይቀናኛል።

ተፈራ እባላለሁ። ዕድሜዬ አርባ ዘጠኝ ነው። ሃያ ሦስቱን ዓመት ያሳለፍኩት አንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ክፍል ውስጥ፣ ከመስኮት ኋላ ተቀምጬ «ነገ ይምጡ» በማለት ነው። ወሬ እወዳለሁ። አንድ ጊዜ ጥርሴን ላስነቅል ሄጄ፣ ሐኪሙ መንቀያውን አፌ ውስጥ ከከተተ በኋላ የጀመርኩለትን ቀልድ ለመጨረስ ስታገል፣ ሰውዬው በሳቅ ደህናውን ጥርስ ነቅሎብኛል። እንግዲህ ይህን የመሰልኩት ሰው ነኝ ከሁለት ዓመት በፊት ለማታ የቴአትር ትምህርት ተመዝግቤ፣ ከስንቱ ክፍል የማይናገሩበት ክፍል የደረሰኝ።

የምንማረው የጭምብል ኮሜዲ ነው። ከጋዜጣ ወረቀትና ከሙጫ የተሠራ፣ ሙሉ ፊት የሚሸፍን ጭምብል ታጠልቃለህ። አፍ ተስሎበታል፤ ቀዳዳ ግን የለውም። ስለዚህ ደስታህም ኀዘንህም ቁጣህም በአንገትህ፣ በትከሻህ፣ በጉልበትህ፣ ይቅርታ አድርጉልኝና በመቀመጫህ ጭምር ነው የሚነገረው። መምህራችን ሰብለ ቁመቷ እስከ ብብቴ ነው፤ ዐይኗ ግን ጣሪያ ላይ ያረፈች ትንኝ ሴት ትሁን ወንድ ይለያል። ከእሷ ሦስት ሕግ ተምረናል። መድረክ ላይ ጭምብልን በእጅ አይነኩም። ከትዕይንቱ በፊት ጭምብልን ለሰው አያሳዩም። ጭምብል አጥልቀው አይናገሩም፤ አንዲት ቃልም ብትሆን።

ለመጨረሻው ፈተና ጥንድ ጥንድ ሆነን ማንም የማያውቀን አገር እንድንሄድ ተወሰነ። ምክንያቱ እኔ ነኝ። ደብረ ብርሃን ላይ ጭምብል አጥልቄ ስወጣ ሕዝቡ በጫማዬ ይለየኝና «ተፈራ!» እያለ ይስቃል። «የሚሳቀው ለጭምብሉ ይሁን ለእርስዎ ማወቅ አልቻልኩም» አለችኝ መምህርት ሰብለ። እናቷ የሶዶ ሰው ስለሆኑ ወልቂጤና ቡታጅራ ዘመድ ወዳጅ አላት፤ በዚያው ሁለት አዳራሽ ተገኘ። ከሁለቱ በአንዱ ትዕይንቱን ያለ አንድ ቃል ከጨረስን አለፍን። ካልሆነ ሁለታችንም ዓመቱን እንደግማለን።

ሁለታችን ማለት እኔና ቅድስት ነን። ቅድስት ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ጥንዴ ናት። አዲስ አበባ ያለ አንድ የቴአትር ቡድን ሊቀበላት ቃል ገብቶላታል፤ የማለፊያ ወረቀቷን ይዛ በመጪው ሰኞ ከቀረበች። የልጅቷ ዕድል እኔ አፍ ውስጥ ተቀምጧል ማለት ነው። ከዚያ የባሰ ማስቀመጫ በአገሩ አልነበረም።

ማክሰኞ

ማለዳ ተነሳን። ደብረ ብርሃን እንደ ልማዷ ነበረች፤ «እንደምን አደርክ» ያልኩት ጎረቤቴ ድምፄ አየር ላይ በርዶ እስኪቀልጥ ጠብቆ ነው የመለሰልኝ። ኮት፣ ሹራብ፣ ከላይ ጋቢ ደርቤአለሁ። ጭምብሎቹ በካርቶን ታሽገው ጭኔ ላይ ናቸው፤ የካርቶኑ ኃላፊ እኔ ነኝ።

አዲስ አበባ ላይ መኪና ስንቀይር ቅድስት ጆሮዬ ሥር መጣች። «ጋሼ፣ ከዚህ እስከ ወልቂጤ ዝም በል። ለልምምድ።»

«ይቻላል» አልኳት።

«ይኸው ተናገርክ።»

ከንፈሬን ገጥሜ ተቀመጥኩ። ሰበታን ሳንደርስ ረዳቱ «ወራጅ አለ?» ብሎ ሲጮህ «የለም!» ብዬ መለስኩለት። ማንም እኔን አልጠየቀኝም፤ ወራጅም ነበረ። አንዲት ሴትዮ ሁለት ቅርጫት ይዘው ከመውረጃቸው አልፈው ስለሄዱ እስከ ቱሉ ቦሎ ሲረግሙኝ ቆዩ። ቅድስት በመስኮት ወደ ውጭ ታይ ነበር። 

አገሩ እየሞቀ ሲሄድ እኔም እየተላጥኩ ሄድኩ፤ ጋቢው ቱሉ ቦሎ፣ ሹራቡ ወሊሶ፣ ኮቱ ወልቂጤ መግቢያ ላይ ወለቁ። ትንሽ ብንቀጥል ምን እንደሚቀረኝ አላውቅም። በእኛ አገር ቤት የሚታጠረው በድንጋይ ካብ ነው፤ ከሩቅ ስታየው ቤቱ የተቆጣ ይመስላል። እዚህ ግን ቤቱ እንሰት መሃል ገብቶ ጣራውን ብቻ ብቅ አድርጎ ያይሃል።

ወልቂጤ ያረፍነው አቶ ጥላሁን ቤት ነው። አቶ ጥላሁን የመንዝ ሰው፣ ሃያ ዓመት ወልቂጤ የኖሩ የመንግሥት ሠራተኛ ናቸው። ከደብረ ብርሃን መምጣቴን ሲሰሙ አቅፈው ሊሰብሩኝ ምንም አልቀራቸው። ባለቤታቸው ወይዘሮ አስካለ ቆጮ በጎመንና በአይብ አቀረቡልን። የእኛ የገብስ ቂጣ ሲነክሱት ይፈረፈራል፤ ቆጮ ግን መጀመሪያ ጥርስህን ገፋ ያደርግና ማንነትህን ጠይቆ ነው የሚገባልህ። ከገባ በኋላ መውጣት አይወድም። «ይቺማ ምን አላት፣ ነገ ደግሞ ክትፎ አለ!» አሉ አቶ ጥላሁን እጃቸውን እያፋተጉ። ሁላችንም ፊታችን በራ። ወይዘሮ አስካለ «ነገ እኮ ረቡዕ ነው» አሉ። ያን ያህል በአንድ ጊዜ የጠፋ መብራት አይቼ አላውቅም።

ረቡዕ

ትዕይንታችን «ወንበሩ» ይባላል። አንድ ሽማግሌ ጉዳይ ሊያስፈጽም ቢሮ ይመጣል። ቢሮው ውስጥ ስልኳ ላይ የተጣደች ጸሐፊና አንድ ትርፍ ወንበር አሉ። ሽማግሌው ሊቀመጥ ባለ ቁጥር ወንበሩ በሆነ ምክንያት ይነሳበታል። ይኸው ነው፤ ሃያ ደቂቃ። ጸሐፊዋ ቅድስት፣ ሽማግሌው እኔ። ጭምብሌ ትልቅ አፍንጫ፣ የበግ ጠጉር ጢምና ሁለት ጠባብ የዐይን ቀዳዳ አለው። የሽማግሌ አካሄድ ማንም አላስተማረኝም። ሃያ ሦስት ዓመት ከመስኮቴ ማዶ ሲመጡና ሲመለሱ አይቻቸዋለሁ።

አዳራሹ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ሞላ። አቶ ጥላሁን ለክብራችን ሲሉ የከተማውን አዛውንት ጠርተው የፊተኛው ረድፍ ላይ አስቀምጠዋል። እኔ ደግሞ የምገባው በጎን በር፣ ልክ በእነሱ ፊት ነው። መምህርት ሰብለ ከበሩ ኋላ ቆማ ጢሜን አስተካከለችና «አፍንጫዎን ይከተሉ። ሌላው ሁሉ ይከተላል» አለችኝ።

በሩን ገፋሁ። አፍንጫዬ ገባ፣ ከዘራዬ ገባ፣ በመጨረሻ እኔ ገባሁ። አዳራሹ ጸጥ አለ። በዕድሜዬ ዝም ብዬ ሰው ዝም ያሰኘሁት ያኔ ገና መጀመሪያዬ ነው። ሦስት እርምጃ እንደሄድኩ፣ ከረድፉ ጫፍ የነበሩ ረጅም አዛውንት ባርኔጣቸውን አነሱና ብድግ አሉ።

«ኖር!»

ከጎናቸው ያሉት ተነሱ። «ኖር! ኖር!» ረድፉ በሙሉ ቆመ።

እስቲ ፍረዱኝ። «ኖር» ተብሎ ዝም ያለ ሰው በዘራችን የለም። እናቴ እንደዚያ አላሳደገችኝም። ለነገሩ አልመረጥኩም፤ አፌ ሳያስፈቅደኝ በወረቀቱ ውስጥ አንጎደጎደው።

«በእግዜር! በእግዜር! ኧረ ተቀመጡ በሞቴ!»

መጀመሪያ ማንም አልሳቀም። አንዲት ትንሽ ልጅ «እማዬ፣ አፉን ሳይከፍት ተናገረ!» ብላ አለቀሰች። ከዚያ ከኋላ አንዱ ጎረምሳ «ፋዘር ይናገራሉ እንዴ? ሰፈር የት ነው?» አለ፣ ሌላው «ስልክ ቁጥር!» አለ፤ በቃ፣ አዳራሹ የአውቶቡስ መናኸሪያ ሆነ። ሽማግሌው ሞተ። የቀረው ወረቀት ፊቱ ላይ የለጠፈ ተፈራ ነው። ቅድስት ከጠረጴዛዋ ኋላ ሆና ትዕይንቱን ቀጠለች፤ ግን ትከሻዋ ሲወርድ አየሁት። ትከሻ ማንበብ ተምሬ የለ።

ከመድረክ ኋላ መምህርት ሰብለ ጣቷን እያጠፈች ቆጠረች። «በእግዜር። በእግዜር። ኧረ። ተቀመጡ። በሞቴ። አምስት ቃል።»

«በእግዜር ሁለት ጊዜ ቢባልም አንድ ቃል ነው፤ አራት ይበሉልኝ» አልኩ። የሳቀ የለም።

ቅድስት ጭምብሏን በጨርቅ እየጠቀለለች ቀና ሳትል «ደክሞዎታል፤ አረፍ ይበሉ» አለችኝ። ልብ በሉ፤ ይህች ልጅ ሁለት ዓመት ሙሉ «ጋሼ፣ አንተ» ስትለኝ የኖረች ናት። ያ «ዎ» የሚሉት ነገር ከጥፊ ይብሳል። ጥፊ ቢሆን የት እንዳረፈ ታውቀዋለህ።

አቶ ጥላሁን በበኩላቸው ሽማግሌዎቹን ሊወቅሱ ወጥተው ነበር። «ጭምብል መሆኑን አላያችሁም?» ሲሏቸው ባለ ባርኔጣው ሰውዬ «አየን እንጂ! ወረቀት ነው። ወረቀትም ቢሆን አርጅቷል እኮ!» አሏቸው አሉ። በዚህ ላይ ምን ክርክር አለ? ጎመናችንን በልተን ተኛን።

ሐሙስ

የቀረን አንድ አዳራሽ ነው። በጉብሬና በአገና አድርገን፣ ተራራውን ተሻግረን ቡታጅራ ለመግባት በሚኒባስ ተነሳን። መምህርትና ቅድስት ከፊት ተቀመጡ። እኔ ከካርቶኔ ጋር ወደ ኋላ ተላክሁ። እስከ አገና አንድ ቃል አልተነፈስኩም። እውነቴን ነው፤ የሚያናግረኝም አልነበረም።

አገና ላይ ከሰባ ዓመት የማያንሱ፣ ነጭ ቆብ ያደረጉ ሰውዬ ለገበያ ወስደው የተረፋቸውን ዛላ በርበሬ በማዳበሪያ ይዘው ገቡ። ተነስቼ ቦታ ለቀቅሁ። «ኖር!»

«በአላህ፣ በአላህ። ተቀመጥ ልጄ።»

ከፊት ቅድስት ዞር ብላ አየችኝ። ቃል የለውም፤ ግን ትርጉሙ ግልጽ ነው። እዚህ ጋ ነው የሚባለው፤ ትናንት አልነበረም።

ሐጂ ከድር ይባላሉ፤ የመስቃን ሰው ናቸው። ተራራው ላይ ስንወጣ ጉም ወረደብን፤ ለአንድ ሰዓት ያህል አገሬ የገባሁ መስሎኝ ጋቢዬን መልሼ ለበስኩ። መንገዱ ጭቃ ነበር። አንድ ዳገት ላይ ሚኒባሱ ወደ ገደሉ ጎን መንሸራተት ሲጀምር ሁላችንም ወርደን በእግር ወጣን። እኔ ካርቶኑን እንደ ታቦት ራሴ ላይ ተሸክሜአለሁ። ሐጂ ትንፋሻቸው ሳይቆራረጥ «ምንድን ነው እንዲህ የምትሳሳለት?» አሉኝ።

ዝም ማለት ነበረብኝ። መኪናው ውስጥ ተመልሰን ስንቀመጥ ግን ሁሉንም ነገርኳቸው። ወልቂጤን፣ «ኖር»ን፣ አምስቱን ቃል። አዳራሹ ውስጥ የነበሩትን ሽማግሌዎች ቁጥር ወደ አራት መቶ ከፍ አደረግሁት። ልጅቷ በእኔ ምክንያት ዓመቱን እንደምትደግምም ነገርኳቸው፤ እሱን አላጋነንኩም። ሐጂ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ፤ መጨረሻው ላይ ግን ሳቃቸውን አቆሙ።

«እስቲ አሳየኝ።»

«ሕግ አለ፣ ሐጂ።»

«እኔ ለማን እናገራለሁ? ወላሂ!»

ካርቶኑን ገለጥኩት። ሁለተኛውን ሕግ የጣስኩት እንዲህ ነው። ሐጂ ጭምብሉን ተቀብለው አገላበጡት። ውስጡን፣ ግንባር የሚያርፍበትን ስፖንጅ በጣታቸው ጫን ጫን አደረጉት። ጢሙን አፍተለተሉት። «ሱብሐነላህ፣ አጎቴን ይመስላል» አሉ። በዚህ መሃል ሾፌሩ ፍሬን ሲይዝ ጭምብሉ ከእጃቸው ወጥቶ በፊቱ ማዳበሪያው ላይ ተደፋ። አንስቼ እፍ እፍ አልኩበትና መለስኩት። ከፊት ማንም አላየም።

ቡታጅራ ሲወርዱ ሐጂ እጄን ያዙ። «ነገ ከጁምዓ በኋላ እመጣለሁ። ሰዎቼንም ይዤ። አንተ ምንም አታስብ።»

«እንዴት ሐጂ?»

«አታስብ አልኩህ።»

ማሰብ የጀመርኩት ያኔ ነው።

ቡታጅራ ሰፊ መንገድና ዛፍ ያላት፣ ጋሪ ከባጃጅ ጋር የሚጋፋባት ከተማ ናት። ያረፍነው የመምህርት አክስት እትዬ ዘነበች ቤት ነው። እትዬ ዘነበች ጾሙ ከመያዙ በፊት ብለው ክትፎውን አዘጋጅተው ነበር የጠበቁን። የሸዋ ሰው በሕልሙ የሚያየው ክትፎ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ፣ ከማዶ ቅድስት «ይብሉ እንጂ» ስትለኝ የምግብ አምሮቴ ተቆረጠ። የበላሁት ሦስት ሰሐን ብቻ ነው።

ዓርብ

ጠዋት እትዬ ዘነበች ግቢ ውስጥ ልምምድ ገባን። መምህርት ሰብለ ፊት ለፊቴ ቆመች። «ዛሬም ኖር ቢሉዎት ምን ያደርጋሉ?»

«ዝም እላለሁ።»

«ዝም ካሉማ ጭምብሉ ባለጌ ሆነ! ይመልሱ። በአካልዎ ይመልሱ።»

እጄን ዘረጋሁ፤ መኪና የሚያስቆም ትራፊክ ፖሊስ መሰልኩ። ጎንበስ አልኩ፤ ሳንቲም የጠፋበት ሰው መሰልኩ። አሥር ዓይነት ሞከርኩ። በሩ ላይ ተደግፋ ስታይ የነበረችው ቅድስት ሳትፈልግ ተናገረች። «እጅዎን ደረትዎ ላይ። ሌላውን ይተዉት። አሁን አንገትዎን ብቻ። ቀስ። ቀስ… እሱ ነው።»

እሱ ነበር። የግቢው ውሻ ጅራት ሳይቀር ቆመ። አሁን በጭምብሉ እንየው ተባለና አጠለቅሁት።

አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። መጀመሪያ ግንባሬ፣ ቀጥሎ ጉንጬ፣ ከዚያ ዐይኔ። ጭንቅላቴን ምድጃ ውስጥ የከተትኩ መሰለኝ። ጭምብሉን ወርውሬ ግቢውን ሦስት ጊዜ ዞርኩት። እትዬ ዘነበች ጭምብሉን አንስተው አሸተቱና «በርበሬ ነው! የመስቃን በርበሬ!» አሉ። በኩራት ነበር የተናገሩት።

መናዘዝ ግድ ሆነብኝ።  መምህርት «ለሰው አሳይተውታል» አለች። ቅድስት ጭምብሉን ተቀብላ፣ የቀለም ብሩሽ ፈልጋ ውስጡን ትጠርግ ጀመር። በውኃ አይታጠብ፤ ወረቀት ነው። ስፖንጁ ተቀየረ። ጢሙና ወረቀቱ ውስጥ የገባውን ግን ብሩሹም እትዬ ዘነበችም ሊያወጡት አልቻሉም። «ሌላ ሽማግሌ የለንም» አለች መምህርት። በዚያው አለቀ።

እትዬ ዘነበች ቅቤ ይዘው መጡ።

«ዛሬ ዓርብ ነው እኮ እትዬ!»

«ለፊትህ እንጂ ለአፍህ ነው እንዴ? ከንፈርህን ግጠም!»

ከንፈሬን እንድገጥም ያላዘዘኝ ሰው በዚያ ሳምንት አልነበረም።

ዘጠኝ ሰዓት። በበሩ ስንጥቅ አየሁ። ሐጂ ከድር ነጭ ጀለቢያቸውን ለብሰው የፊተኛው ረድፍ መሃል ላይ ናቸው። «ሰዎቼ» ያሏቸው ደግሞ ሁለት ረድፍ ሞልተዋል። ጭምብሉን አጠለቅሁ። ከቅቤው በታች በርበሬው ቀስ እያለ ሥራውን ጀመረ። ወንበሩ ጥግ ላይ ነው፤ ቅድስት ጠረጴዛዋ ላይ ስልኳን ይዛ ተቀምጣለች። በሩን ገፋሁ።

አፍንጫ፣ ከዘራ፣ እኔ። አንድ እርምጃ፣ ሁለት፣ ሦስት። እጄን ወደ ደረቴ ለመውሰድ አዘጋጀሁ።

ማንም አልተነሳም።

እንዲያው አንድ ሰው እንኳ! ሐጂ ሁለት ጉልበታቸውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው መሬት መሬት ያያሉ። ከጎናቸው ያሉትም እንደዚያው፤ ረድፉ ሁሉ ራሱን ወንበሩ ላይ አስሮ ተቀምጧል። በኋላ እንደሰማሁት ሐጂ ከመስጊድ ጀምረው «ማንም እንዳይነሳ! ከተነሳችሁለት ይናገራል፤ ልጅቷን ያስወድቃታል!» ብለው አስጠንቅቀዋል። ለእኔ አዝነው ነው። እኔ ግን አላወቅሁም። ሁለት ቀን ሙሉ «ኖር» እንዳይባል ስጸልይ ቆይቼ ሳይባል ሲቀር፣ አዳራሹ ሙሉ ሕዝብ እያለበት ባዶ ሆነብኝ። ቀጥሎ ምን እንደማደርግ ጠፋኝ። አንድ ሽማግሌ ገብቶ ቆሟል፣ የሚያየው የለም። ይህን ነገር የት ነው የማውቀው? ከመስኮቴ ኋላ ሆኜ ነው የማውቀው።

ሽማግሌው ረድፉን ከግራ ወደ ቀኝ አየ። ምናልባት ከኋላዬ ሌላ የሚከበር ሰው ቢኖር ብሎ ዞሮ አየ፤ ማንም የለም። ተመልሶ ወጣ፣ በሩን ዘጋ፣ እንደገና ገባ፤ አሁን በከዘራው ወለሉን ጠበቅ አድርጎ መታ። ማንም። ከኋላ አንድ ሳቅ አመለጠ። ሽማግሌው ትንሽ አሰበና ጥግ ላይ ያለው ወንበር ዘንድ ሄደ፤ ሳይቀመጥበት ከጎኑ ቁጢጥ አለ፣ ራሱ ብድግ አለ፣ ዞሮ ለባዶው ቦታ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አንገቱን ዝቅ አደረገ። እንዲህ ነው የሚደረገው፣ አየህ? ሳቁ አሁን ከአንድ ሰው ወደ ረድፍ፣ ከረድፍ ወደ አዳራሽ ሄደ።

ያን ጊዜ ቅድስት ገባችበት። ይህ በልምምዳችን የለም። ጸሐፊዋ ከስልኳ ቀና አለችና ከወንበሯ አንዲት ጣት ያህል ብድግ አለች። ሽማግሌው እጁን ወደ ደረቱ ወሰደ፤ ጸሐፊዋ ተቀመጠች። እጁ አየር ላይ ቀረ። እንደገና ብድግ፣ እንደገና እጅ፣ እንደገና ቁጭ። ሕዝቡ መተንፈስ አቃተው። እኔ ደግሞ እያለቀስኩ ነበር፤ በርበሬው ዐይኔ ውስጥ ገብቶ የማየው በጉም ነው። በቀዳዳው የቀረችኝ አንዲት ቅድስት ነበረች፤ እሷም ሁለት ሁለት ሆና ትታየኛለች።

በመጨረሻ ሐጂ ከድር አልቻሉም። ጉልበታቸውን ለቀው ተነሱ።

«ኧረ ይኼ ነውር ነው! እኔ ነኝ ያጠፋሁት! ተነሱ፣ ኖር በሉ!»

«ኖር!» አለ አዳራሹ። ወንበሩ ሁሉ በአንድ ጊዜ ተንኳኳ።

ቃሉ መጣ። በጉሮሮዬ ሲወጣ፣ ምላሴ ላይ ሲረግጥ፣ ጥርሴን ሲገፋ ተሰማኝ። ጥርሴን ነከስኩ። እጄን ደረቴ ላይ አደረግሁ። ሌላውን ተውኩት። አንገቴን ቀስ፣ ቀስ አድርጌ ዝቅ አደረግሁ። ያ ሁሉ ሕዝብ ቆሞ ጸጥ አለ፤ የቆመውም እጄን ወደ ታች አድርጌ ተቀመጡ እስክላቸው ነው። እንደ አንድ ሰው ተቀመጡ፤ የቀረውን የወንበር ጨዋታ እንደ ልምምዳችን ተጫወትነው።

አበቃ ብዬ ትንፋሽ ስስብ በርበሬው አብሮ ገባ።

እንጥሻዬን ደብረ ብርሃን ሳትሰሙት አትቀሩም። ጢሙ ተነስቶ ግንባሬ ላይ ወጣ። «ይማርዎ!» አለ ግማሹ አዳራሽ፤ «የርሐሙከላህ!» አለ ሌላው። ለዚህም መልስ አለው! ለዚህ አልተለማመድንም! አፌ ተከፈተ፤ «ያ…» ልል ነው፤ የመጀመሪያው ፊደል ከንፈሬ ላይ ደርሷል። በዚህ ጊዜ ጉልበቴን ከኋላ አንድ ነገር መታኝና ዘጭ ብዬ ተቀመጥኩ። ቅድስት ናት። በሃያ ደቂቃ ትዕይንት ውስጥ ሽማግሌው ከቶ የማያገኘውን ወንበር አምጥታ ከሥሬ አስገብታዋለች። ሊወጣ የነበረው ቃል በ«እህህ» ተንፍሶ ቀረ። ጸሐፊዋ ስልኳን ዘጋች። መብራቱ ጠፋ።

ከመድረክ ኋላ መምህርት ሰብለ ጣቶቿን ዘርግታ አየቻቸው፤ አንዱንም አላጠፈችም።  ቅድስት ሁለት እጇን አፏ ላይ ጭናለች።

«እንጥሻ ቃል አይደለም» አለች መምህርት። «አልፋችኋል።»

ጭምብሉን አወለቅሁ። ቅድስት ጮኸች። «ውይ ጋሼ፣ ፊትህ!»

ፊትህ አለችኝ። ፊቴ እንደ ቲማቲም አብጦ ነበር፤ እኔ የሰማሁት ግን የመጨረሻዋን ፊደል ብቻ ነው።

ቅዳሜ

ጠዋት መናኸሪያ ሄደን በቡኢ በኩል ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሚኒባስ ያዝን። ቅድስት የማለፊያ ወረቀቷን በፕላስቲክ አድርጋ ደረቷ ላይ ይዛዋለች፤ ዛሬ ከጎኔ ነው የተቀመጠችው። መኪናው ሊሞላ አንድ ሰው ሲቀረው ሐጂ ከድር ሲጣደፉ መጡ። በትንሽ ከረጢት በርበሬ ይዘዋል። «ለባለቤትህ ነው፤ አንተ እንዳትነካው» አሉና በበሩ ብቅ አሉ።

ብድግ አልኩ፤ ጣሪያው ግንባሬን አገኘው። «ኖር፣ ሐጂ!»

«በአላህ» እንዲሉ ጠበቅሁ። አላሉም። ከንፈራቸውን ገጥመው፣ ያንን በበርበሬ የቀላ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። አንገታቸውን ቀስ፣ ቀስ አድርገው ዝቅ አደረጉ። ልክ እንደ ሽማግሌው። እንዲያውም ከእሱ ይበልጣል። ከዚያ እጃቸውን ወደ ታች አድርገው አስቀመጡኝ።

«ኧረ ሐጂ፣ በሞቴ፣ እርስዎማ…» ማለት ስጀምር ረዳቱ በሩን ዘጋው፣ መኪናው ተንቀሳቀሰ።

ቅድስት ጣቷን እያጠፈች ቆጠረች። «ሐጂ ፈተናውን አለፉ» አለች። «የምትደግመው አንተ ነህ፣ ጋሼ።»